"የማኪያቶ ዋጋ ናት" ላለን የቴሌቪዥን ክፍያ ተከራካሪ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምም በፌስቡክም ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለሕዝብ ቴሌቪዥን በየወሩ የግዴታ ክፍያ ይክፈል የሚል። እኔም ጋ ከዚም ከዛም ደረሰኝ፣ አንዱ ወዳጄማ "እስቲ ይሄን መልስ" ብሎ ነው የላከልኝ። አነበብኩት። እውነት ለመናገር ደህና ተደርጎ የተጻፈ ነው፣ ስድብ የለበት፣ ማንንም በጎራ አይፈርጅ፣ ባሁኑ ጊዜ እሱ ራሱ ብርቅ ነው። ድምዳሜው ግን አልተዋጠልኝም፣ ለምን እንዳልተዋጠልኝ አንድ በአንድ ልናገር።

መጀመሪያ የሰውየውን ሀሳብ ሳላጣምም ላስቀምጠው። አንደኛ፣ የሠለጠኑት አገሮች በሙሉ ይከፍላሉ፣ ቢቢሲን ቢቢሲ ያደረገው ይሄ ክፍያ ነው፣ እኛ በነጻ የምናነበው ቢቢሲ አማርኛ ራሱ የእንግሊዝ ቤተሰብ ከኪሱ ያወጣበት ነው ይላል። ሁለተኛ፣ ሕዝብ በቀጥታ ሲከፍል ጣቢያው ከመንግሥትም ከማስታወቂያ አስነጋሪም እጅ ይወጣል፣ የከፈለ ያዛል። ሦስተኛ፣ ብሩ ትንሽ ነው፣ በወር አንድ ማኪያቶ ብትቀር ማንም አይሞትም። አራተኛ፣ ከመብራት ቢል ጋር ከተሰበሰበ ቤት ለቤት የሚዞር ሰብሳቢ አያስፈልግም፣ የሚያመልጥም የለም፣ ጣልያን ተሳክቶላታል። አምስተኛ፣ "እኔ ቴሌቪዥን አላይም" ሰበብ አይሆንም፣ ዕድርም የምንከፍለው በየወሩ ሰው ስለሞተብን አይደለም። ስድስተኛ፣ ክፍያው ከሌለ የሕጻናት ፕሮግራሙ፣ በየብሔረሰቡ ቋንቋ የሚተላለፈው፣ ትምህርታዊው ሁሉ ይጠፋና የቱርክ ድራማና የቁማር ማስታወቂያ ብቻ ይቀረናል።

በእኛ አገር አሁን ስንት ይከፈላል፣ በምን ይሰበሰባል የሚለውን እሱም አላነሳውም። የተከራከረው ስለ መርሁ ነው፣ እኔም በዛው ልሂድ።

"ሁሉም የሠለጠነ አገር ይከፍላል" ከሚለው ልጀምር፣ በቀላሉ ስለሚጣራ። (የውጭ አገሮቹ ዓመቶች በፈረንጅ፣ የኛዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንሳይ ከየቤቱ በዓመት 138 ዩሮ ታስከፍል ነበር፣ በ2022 ጭራሽ ሰረዘችውና የሕዝብ ጣቢያዎቿን ከተጨማሪ እሴት ታክስ ገቢ ማስተዳደር ጀመረች። ኔዘርላንድስ ገና በ2000 ነው የተወችው። ኖርዌይ በ2020 ወደ ግብር ስርዓቷ ከተተችው፣ ዴንማርክ ቀስ በቀስ እየቀነሰች በ2022 ጨረሰችው። ፊንላንድና ስዊድን ደሞ በቤት ቁጥር ማስከፈሉን ትተው በገቢ የሚሰላ ግብር አደረጉት፣ ስዊድን ውስጥ ከሚታክሰው ገቢህ 1 በመቶ ነው፣ ጣሪያ አለው፣ ገቢ የሌለው አይነካም። እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ስዊዘርላንድ፣ ጣልያን፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ አሁንም አሉበት፣ እሱን አልክድም። ጀርመንማ ከ2013 ጀምሮ ቴሌቪዥን ኖረህ አልኖረህ በየቤቱ ታስከፍላለች፣ በወር 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸውም በ2018 አብዛኛውን ነገር ሕጋዊ ነው ብሏል። ግን "ሁሉም ይከፍላል" ሌላ ነው፣ "ከፊሉ ይከፍላል፣ ከፊሉ ሞክሮት ተወው" ሌላ ነው፣ ወንድማችን የተዉትን አገሮች አንዳቸውንም አልጠራም።

የቢቢሲ አማርኛው ምሳሌ ደሞ ትንሽ አሳቀኝ። የቢቢሲ የዓለም አገልግሎት ከላይሰንስ (የቴሌቪዥን ፈቃድ) ክፍያው ብዙ ገንዘብ እንደሚያገኝ ልክ ነው። አማርኛው፣ አፋን ኦሮሞውና ትግርኛው በ2017 ሲከፈቱ ግን የተከፈቱት የእንግሊዝ መንግሥት ለማስፋፊያ ብሎ ከበጀቱ በመደበው 289 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። የማንቸስተር አባወራ ለቴሌቪዥኑ የከፈላት አይደለችም። ስለዚህ ሰውየው በኩራት የጠቀሰው ምሳሌ የሚያሳየው ከመንግሥት በጀት በወጣ ገንዘብም ሰው የሚያምነው ሚዲያ ሊሠራ እንደሚችል ነው፣ ለሱ ክርክር ምኑም አይጠቅምም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ጽሑፉ በሙሉ የቆመው በሁለተኛው ነጥብ ላይ ነውና። ሕዝብ ከከፈለ ጣቢያው ነጻ ይወጣል።

እንዴት? በምን መንገድ? እዚህ ጋ ስደርስ ሁለቴ አነበብኩት፣ መንገዱን አልጻፈውም። ገንዘቡ ከኔ ኪስ ወጥቶ ጣቢያው ካዝና ስለገባ ብቻ ዋና ሥራ አስኪያጁን የሚሾመው ሰው አይቀየርም፣ ቦርዱ አይቀየርም፣ ስልክ ደውሎ "ይሄን ዜና አውርዱት" የሚለው ሰው ስልኩ አይዘጋም። እንግሊዝን ራሷን እንይ። የላይሰንሱን ዋጋ የሚወስነው ማነው? መንግሥት ነው። በ2022 የኑሮ ውድነቱ ጣሪያ በነካ ሰዓት የዛን ጊዜ መንግሥት ክፍያው ለሁለት ዓመት በ159 ፓውንድ ይቆይ ብሎ ቆለፈው፣ ቢቢሲ ሠራተኛ መቀነስና አገልግሎት ማጠፍ ውስጥ ገባ። ከዛ በፊት በ2015 ደግሞ ዕድሜያቸው ከ75 በላይ ለሆኑ አዛውንት መንግሥት ሲሸፍን የነበረውን ነጻ ላይሰንስ "ከአሁን በኋላ ወጪው ያንተ ነው" ብሎ ቢቢሲ ላይ ጣለው፣ በ2020 ቢቢሲ አልችልም ብሎ የድሃ ጡረተኛ ድጎማ ከሚያገኙት በቀር ሌሎቹን ማስከፈል ጀመረ፣ ስድቡን ማን ጠጣ? ቢቢሲ። ገንዘቡ ከሕዝብ ነው የሚመጣው፣ ገመዱ ግን ፖለቲከኛው እጅ ነው ያለው።

ኮሪያ ደሞ ይብሳል። ኬቢኤስ የሚባለው የሕዝብ ጣቢያቸው ክፍያ 2,500 ዎን ነው በወር፣ ከ1981 ጀምሮ አልተነካም፣ ከ1994 ጀምሮ ደሞ ልክ ጸሐፊው እንደሚመኘው ከመብራት ቢል ጋር ነበር የሚሰበሰበው። በ2023 መንግሥት በአንድ ውሳኔ ከቢሉ ነጠለው። ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች ጣቢያውን ለማንበርከክ የተደረገ ነው ብለው ጮኹ፣ በ2025 ደሞ ፓርላማው መልሶ እንዲጣመር ሕግ አወጣ። እንግዲህ አስቡት፣ የጣቢያው እስትንፋስ ቢል ላይ የምትታተም አንዲት መስመር ሆነች ማለት ነው፣ መስመሯን የሚያስገባና የሚያስወጣው ሹም የጣቢያው ጌታ ነው።

ጀርመን ላይ ነገሩ የተሻለ ነው፣ ይሄን በደስታ እቀበላለሁ። ግን ለምን ተሻለ? እዛ የክፍያውን መጠን መጀመሪያ የሚያሰላው ከፖለቲካ የተለየ የባለሙያዎች ኮሚሽን ነው፣ ክልሎቹ ያጸድቁታል። በ2020 አንድ ክልል የ86 ሳንቲም ጭማሪውን አላጸድቅም ብሎ አስቀረው። ጣቢያዎቹ ከሰሱ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2021 ክልሉ ትክክል አይደለም ብሎ ጭማሪውን በውሳኔ አስገባው። ጣቢያውን ያዳነው እንግዲህ ኮሚሽኑና ዳኛው ናቸው። ኮሚሽኑና ዳኛው በሌሉበት አገር ክፍያውን ብቻ ቆርጠህ ብታመጣው ላም አለኝ በሰማይ ነው የሚሆነው። ኮሚሽኑና ዳኛው ካሉ ደግሞ ገንዘቡ ከበጀት ቢመጣ እንኳን ጣቢያው ይከበራል።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ኢቲቪ በ1957 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ንጉሡንም ደርግንም ኢሕአዴግንም አሳልፏል፣ አሁን ያለው ኮርፖሬሽን በአዋጅ ቁጥር 858/2006 ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው ተባለ፣ ጥሩ። የቦርድ ሰብሳቢዎቹ ግን በአብዛኛው ከመንግሥት ባለሥልጣናት ናቸው የተሾሙት፣ ይሄ የማንም ሚስጥር አይደለም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደሞ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ስር ያለ ሚዲያ የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ ይመራ ይላል። ልብ በሉ፣ "ዜጋው በወር ይሄን ያህል ሲከፍል" አይልም። ግዴታው ዛሬም አለ፣ ግብር ከፋዩም ዛሬም እየከፈለ ነው። ጸሐፊው ነጻ ሚዲያ በጽኑ የሚፈልግ ከሆነ፣ እንደሚፈልግም አምናለሁ፣ ከ1987 ጀምሮ ያልተከፈለንን ይሄን ዕዳ ከመጠየቅ ለምን አይጀምርም?

ከማስታወቂያ ነጻ ይወጣል ያለውን ቶሎ ልለፈው። ቢቢሲ በአገር ውስጥ ጣቢያዎቹ ማስታወቂያ የለውም፣ ስለዚህ እዛ ላይ ክርክሩ ያስኬዳል። የጀርመን ሁለቱ ትልልቅ ጣቢያዎች በሥራ ቀን 20 ደቂቃ ብቻ፣ ያውም ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት፣ እሁድ ጭራሽ የለም። ጽሑፉ ግን ክፍያው ሲጀመር ማስታወቂያና ስፖንሰር ይቁም የሚል አንድም ቃል የለውም። ክፍያውንም ማስታወቂያውንም ከወሰደ ጣቢያው ከማን እጅ ነው የወጣው?

የማኪያቶዋ ነገር። ማኪያቶ ራሷ በየሳምንቱ ዋጋ የምትጨምርበት ከተማ ውስጥ እየኖርን "አንድ ማኪያቶ" ማለት ምን ያህል እንደሆነ እንተወውና፣ ትንሽ ብር ነው የሚለውን ልቀበል። ለሱም ለኔም ትንሽ ናት። ጥያቄው ግን ያልከፈለ ምን ይሆናል ነው፣ ግዴታ ብለሃላ! እንግሊዝ ውስጥ ላይሰንስ ሳይኖርህ ካየህ የወንጀል ጥፋት ነው፣ ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል፣ ከሚከሰሱት ደሞ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ሴቶች ናቸው። ሴቶች በብዛት ስለሚያመልጡ አይደለም፣ ተቆጣጣሪው በር ሲያንኳኳ ቤት የምትገኘውና በሩን የምትከፍተው በአብዛኛው ሴት ስለሆነች ነው። (በነገራችን ላይ እዛው እንግሊዝ ዓይነ ስውር ሰው ለቴሌቪዥን ግማሽ ዋጋ ይከፍላል። ሙሉ በሙሉ ነጻ እንኳን አላደረጉትም፣ እኔ ይሄን ሳነብ ማመን አቅቶኝ ነበር።)

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ጋና የቴሌቪዥን ላይሰንሱን እንደገና ስታስጀምር አንድ ቴሌቪዥን ላለው ቤት በዓመት 36 የጋና ሲዲ ነበር ያለችው፣ በወር ሲካፈል 3 ሲዲ ብቻ። በ2018 መጀመሪያ ላይ የማይከፍሉትን የሚዳኝ ልዩ ችሎት ይቋቋማል ሲባል ሕዝቡ ተንጫጫ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በዓመት 265 ራንድ ነው፣ ሕግ አለ፣ ማሳሰቢያ ይላካል፣ ከአምስቱ አራቱና ከዛ በላይ የሚሆነው ሰው ግን አይከፍልም። ብሩ በዝቶበት ነው እንዳትሉኝ፣ ለዲኤስቲቪ በየወሩ ከዚህ የሚበልጥ የሚከፍል ስንትና ስንት ቤት አለ። ሰው ጣቢያውን የኔ ነው ካላለ ትንሿም ብር ትበዛበታለች።

አሁን ደሞ የመብራት ቢሉ። ይሄን ነጥብ ሳነብ ወንድማችን አዲስ አበባ ተከራይቶ ኖሮ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ በክፋት አይደለም።

ጣልያን ተሳክቶላታል ያለው እውነት ነው፣ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። በ2016 ከመብራት ቢል ጋር ሲያያይዙት የማይከፍለው ሰው ቁጥር ወረደ፣ ክፍያውም ከ113 ዩሮ ከ50 ወደ 100፣ ቀጥሎም ወደ 90 ቀነሰ። ይሄ ጥሩ የአሰባሰብ ሥራ ነው። (ነጻነት ግን አላመጣም፣ ራይ የሚባለው የሕዝብ ጣቢያቸው ጋዜጠኞች በሜይ 2024 መንግሥት እጁን እያስገባብን ነው ብለው ሥራ አቁመዋል። ይሄም በቢል ተሰብስቦ ነው እንግዲህ።) ጣልያን ውስጥ ግን አንድ ቤተሰብ አንድ ውል፣ አንድ ቆጣሪ ነው በአብዛኛው። እዚህስ?

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ የማውቀውን ግቢ ልንገራችሁ። ፊት ለፊት አከራይዋ እማማ ይኖራሉ፣ ከኋላ የተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። አንዱ ውስጥ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ አንዱ ውስጥ አዲስ ተጋቢዎች፣ አንዱ ውስጥ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክብ ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ጥጉ ላይ ያለችው ክፍል ውስጥ ደሞ የጥበቃ ሥራ የሚሠራ ሰውዬ፣ እሱ ቀን ቀን ነው የሚተኛው። ቆጣሪው አንድ ነው፣ በእማማ ሟች ባል ስም። ቢሉ ሲመጣ እማማ ወረቀት ይዘው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ አምፖል በአምፖል ይቆጠራል፣ ፍሪጅ ያለው ይሄን ያህል፣ ምጣድ ያላት ይሄን ያህል፣ ልጆቹ "እማማ እኛኮ ላፕቶፕ ብቻ ነው ያለን" ይላሉ፣ "ታዲያ ውሃ በምን ነው የምታፈሉት ልጄ፣ በጸሎት ነው?" ይሏቸዋል፣ ጠብ የማይመስል ጠብ በየወሩ አለ። አሁን እዚህ ቢል ላይ የቴሌቪዥን ክፍያ አንዲት መስመር ትጨመር። በሕጉ አንድ ቆጣሪ አንድ ክፍያ ከሆነ አምስት ቤተሰብ አንዴ ከፈለ ማለት ነው፣ ኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ስቱዲዮ የተከራየችው ልጅ ደሞ ለብቻዋ ሙሉውን። እማማ ከእያንዳንዱ ክፍል ሙሉውን እቀበላለሁ ካሉ ደሞ ማን ይከለክላቸዋል? ቤትና ሱቅ ሁለት ቆጣሪ ያለውስ ሁለቴ ይክፈል? ጀርመኖች ይሄን የሚመስል ጥያቄ ፍርድ ቤት ድረስ ወስዷቸው ነው አንድ ሰው ለሁለተኛ መኖሪያ ቤቱ ድጋሚ አይክፈል የተባለው፣ እነሱ እያንዳንዱ ሰው የት እንደሚኖር በመዝገብ እያላቸው። እኛ ጋ ፒያሳና ካዛንቺስ ፈርሶ ስንቱ ወዴት እንደሄደ ጎረቤት ለጎረቤት በስልክ በሚፈላለግበት ከተማ "ቤተሰብ" የሚባለውን በቆጣሪ ልንቆጥር ነው።

ከከተማ ወጣ ስትል ደሞ የመብራት መስመር ያልደረሰው ስንት ሚሊዮን ሕዝብ አለ፣ በሶላር ቴሌቪዥን የሚያይ አይከፍልም፣ ቴሌቪዥን የሌለው ግን አምፖል ያለው ይከፍላል። መብራት ጠፍቶ የዋለ ለታ ስለሚቆረጠውማ አላወራም።

ዕድርን ማንሳቱ ግን ጥሩ አደረገ፣ ምክንያቱም ከጽሑፉ ሁሉ የወደድኩት ምሳሌ እሱ ነው፣ ብቻ እስከ መጨረሻው አልሄደበትም። አዎ፣ ዕድር ሰው ባይሞትብህም ትከፍላለህ፣ "አላይም ስለዚህ አልከፍልም" የሚለው ክርክር ብቻውን ደካማ ነው፣ እዚህ ላይ ከሱ ጋር ነኝ፣ ልጅ የሌለውም ለትምህርት ቤት ግብር ይከፍላል። ነገር ግን የዕድር ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ዘርግቶ ወጪ ገቢውን ያነባል፣ አንዱ ሽማግሌ ተነስተው "ድንኳኑ ተቀደደ ተብሎ የተገዛው ሸራ በስንት ነው የተገዛው፣ ደረሰኙ የታለ?" ይላሉ፣ አንዷ እናት "ከነ እንትና ቤት ለቅሶ የወጣው ብረት ድስት አልተመለሰም፣ ማን ጋ ነው ያለው?" ትላለች፣ ዳኛው ላቡ እስኪመጣ ይጠየቃል፣ ካልጣማቸው በሚቀጥለው ምርጫ ያወርዱታል። ሰው ዕድር ሳያጉረመርም የሚከፍለው ለዚህ ነው፣ ሸራውን ያየዋል፣ ደረሰኙን ይጠይቃል፣ ዳኛውን ያወርዳል። አሁን እኔ የቴሌቪዥን ጣቢያውን የዓመት ሂሳብ የት ሄጄ ነው የምሰማው? "የከፈለ ያዛል" የሚባለው መከልከል ወይም ማውረድ ለሚችል ከፋይ ነው። የዲኤስቲቪ ደንበኛ ካልጣመው ያቋርጣል፣ የዕድር አባል ይጠይቃል። ማቋረጥ የማይችል፣ መጠየቅም የማይችል ከፋይ ማንንም አያዝም፣ ይታዘዛል እንጂ።

ስዊዞች እኮ ተጠይቀዋል። በማርች 2018 ክፍያው ይቅር ወይስ ይቆይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ 71.6 በመቶው ይቆይ አለ። ከ2021 ጀምሮ በዓመት 335 ፍራንክ ይከፍላሉ፣ ከእንግሊዙ ይበልጣል፣ ግን ራሳቸው ያሉት ነው። እኛንም ጠይቀውን አዎ ብንል እኔ የመጀመሪያው ከፋይ ነኝ፣ ተከራይ ሆኜም ቢሆን።

የመጨረሻው ስጋቱ፣ የሕጻናቱና የቋንቋው ነገር፣ ከሁሉም በላይ የተሰማኝ እሱ ነው። በአባባ ተስፋዬ ተረት ያላደገ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፣ ያንን አይነት ፕሮግራም ገበያው ብቻውን አያመጣውም፣ በኮቪድ ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲማሩ የሕዝብ ስርጭት ምን እንደሚሠራ አይተናል። አባባ ተስፋዬ ግን ልጆችን "ጤና ይስጥልኝ" ሲሉ የኖሩት ለየቤቱ ቆጣሪ መስመር ስለተጨመረ አይደለም። ፈረንሳይም ክፍያውን ከሰረዘች በኋላ የሕጻናት ፕሮግራሟ አልጠፋም። ለሕጻናትና በቂ ተመልካች ለማያገኙ ቋንቋዎች የተባለ ገንዘብ ካስፈለገ ከበጀት ለይቶ፣ ለብዙ ዓመት በሕግ አስሮ፣ የትኛው ፕሮግራም በስንት ተሠራ የሚለውን በየዓመቱ ማውጣት ይቻላል። ይሄ ከገቢ ግብር ከመጣ ደሞ እንጀራ ጋጋሪዋና ባለ ፎቁ እኩል አይከፍሉም፣ የቤት ክፍያው ላይ ግን እኩል ናቸው።

ወንድማችን መልስ ካለው ይጻፍ፣ አነባለሁ። የነጻነቱን ነገር ላንስማማ እንችላለን፣ ችግር የለም። የእማማን ቆጣሪ ግን እንዴት አድርጎ ለአምስት ቤተሰብ እንደሚያካፍለው በቁጥር አስቀምጦ ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።